ይህ ማኅደር የት ያድራል?

በግእዝ ማኅደር ማለት ማደሪያ ሲሆን፣ አባቶቻችን ቃሉን ዳዊታቸው ለሚከተትበትና በጠፍር ከትከሻ ለሚንጠለጠለው የቆዳ ከረጢት ሰጥተው፣ መጽሐፉን ከባለቤቱ ጋር አገር ለአገር ሲያዞሩበት ኖረዋል።

ይህን ያሳሰበኝ በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከገለምሶ ሌሊት ተነሥተው የመጡ አንድ አዛውንት «አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ሲባሉ መስማቴ ነው። ባለጉዳዩም ጸሐፊውም የምዕራብ ሐረርጌ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ የአዛውንቱ ማኅደር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተያዘው የጉዳያቸው መዝገብ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ስለሚያድር፣ የኔትወርኩ መስመር የተቋረጠ ዕለት ጉዳዩም አብሮ ይቋረጣል።

መስመሩ በደኅና ሳለ ለሚታየው መዘግየት ብዙ ሰው ርቀቱን ይወቅሳል። ብርሃን ግን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህን ርቀት ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ 1,000ኛ እጅ ሦስቱ ወይም አራቱ ይበቃዋል። የሚያጓትተው በየመንገዱ ያለው የመሣሪያ ወረፋ፣ ይልቁንም አንዲት ገጽ ለመክፈት መቶ ጊዜ ጠይቆ መቶ ጊዜ መልስ መጠበቁ ነውና፣ ማኅደሩን አንድ ጊዜ አንሥቶ ሥራው ወዳለበት ማምጣት ይሻላል።

የማይለወጠውን፣ ለምሳሌ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያነቧቸውን መጻሕፍት፣ ገልብጦ ጭሮ ማኖር ቀላል ነው። ጭንቁ በሚለወጠው ላይ ነው፤ አንድ ድርሳን ለሁለት ገዳማት ተገልብጦ በአሰቦትም በሌላውም በየፊናው ቢታረም ሊቃውንቱ በንባቡ እንደሚከራከሩ ሁሉ፣ የባንክ ሒሳብም ሁለት ቦታ ቢጻፍ አንዱ ብር ሁለት ጊዜ ይወጣልና፣ የገንዘቡ መዝገብ በአንድ እጅ መቆየቱን እቀበላለሁ።

የሕሙማን ማኅደር ግን ከሕመምተኛው ጋር ሊሄድ ይገባዋል። አንዲት እናት ከጭሮ ሆስፒታል በሪፈር ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ስትላክ፣ ማኅደሯም ሥልጣነ ጽሕፈቱም አብረዋት ይሂዱ፤ ጭሮም ሐረር «ተረከብሁ» እስኪል ድረስ ዋናውን ሳትለቅ ትቆይ፤ ከዚያ በኋላ ለጭሮ ለንባብ ብቻ የሚሆን ቅጂና «ሐረር ነው ያለው» የሚል ምልክት ይቅርላት፤ ከሂርና ወይም ከበደሳ የሚጠይቅ ሐኪምም ያን ምልክት ተከትሎ ይድረስበት።

ስለዚህ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሲስተም ሲገዙ፣ ገንዘቡን ከመክፈላቸው አስቀድሞ፣ ስለ እያንዳንዱ ማኅደር ሻጩን በጽሑፍ እንዲጠይቁ እለምናለሁ፦ መስመሩ በተቋረጠ ዕለት ይህ የት ያድራል?