የማንጠቀምበትን ማውረጃ እናጥፋ

ኔትወርኩ በተንቀራፈፈ ቁጥር ጣታችንን ወደ ዩኒቨርሲቲው እንቀስራለን። በቅድሚያ ግን የየራሳችንን ላፕቶፕ ብንፈትሽ መልካም ነው እንላለን። አንድ ፊልም ለማውረድ የጫንነው የቶረንት ፕሮግራም ፊልሙ ወርዶ ካለቀም በኋላ ብዙ ጊዜ ሥራውን አያቆምም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሳና ያወረድነውን ለማናውቃቸው ሰዎች ይልካል። እኛ ሳናውቅ የዶርም ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚልክበትን መስመር እንሻማዋለን። የጋራ መስመር ደግሞ የሌላውም ሐቅ አለበት።

ሌላው ጉዳይ ደኅንነት ነው። ኮምፒውተር እንደ ሕንፃ ቢታይ ፖርቶች የበር ቁጥሮች ናቸው፤ ከ0 እስከ 65535 ይደርሳሉ። ተራ ድረ ገጽ በ80፣ የተመሰጠረው በ443 ያልፋል፤ የድረ ገጾች አድራሻ የሚጠየቀው በ53 ነው። በር ክፍት የሚሆነው ከኋላው የሚያዳምጥ ፕሮግራም ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ ዓለምን ያመሰው ፋይል መጋሪያ በሆነው በ445 በኩል፣ ባልታደሱ ዊንዶውሶች ላይ ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም በር እንዝጋ አንልም፤ 443 ከተዘጋ ትምህርታችንም ይዘጋል። የማያስፈልገንን ፕሮግራም ግን ከሴቲንግ ገብተን አንኢንስቶል እናድርግ፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ መሰረዝ ፕሮግራሙን አያጠፋውም። ዊንዶውሳችንን እናድስ፣ ፋየርዎሉንም አናጥፋ። ከዚያ በኋላም ኔትወርኩ ከተንቀራፈፈ፣ አቤቱታችንን በሙሉ አፍ እናቀርባለን።