ሩዶልፍ የተባሉት ደሴትና ሐይቅ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ዶርዜ ሊደርስ ሲል ሁለት ሐይቆች ከታች ይታያሉ። አባያ ደለል ስለሚበዛበት ቀላ ብሎ ይታያል፤ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። በመካከላቸው እግዜር ድልድይ የተባለው ኮረብታ ተጋድሟል።

የአውሮፓ ካርታዎች ግን አባያን ለረጅም ዘመን «ማርጌሪታ» ሲሉት ኖረዋል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 እዚህ ደርሶ በአገሩ ንግሥት፣ በንጉሥ ኡምቤርቶ ባለቤት ስም ሰየመው። የጣሊያን ጦር አድዋ ላይ ድል የተመታበት ዓመት ነበር።

በንጉሣውያን ስም ቦታ መሰየም በሌላም አገር ነበር። በሩሲያ ሰሜን፣ ፍራንዝ ጆሴፍ ምድር በሚባሉት ደሴቶች ጫፍ ሩዶልፍ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከሰሜን ዋልታ የምትርቀው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ገጿ የበረዶ ግግር ነው። ቋሚ ነዋሪ የላትም። የኦስትሪያና ሀንጋሪ አሳሾች እ.ኤ.አ. በ1874 ሲደርሱባት በአልጋ ወራሻቸው ስም ጠሯት፤ ልዑሉ ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ቀድሞ ስም ያወጣላት ሰው ስላልነበረ ማንም አልተቀማም።

ከ14 ዓመት በኋላ ያው ስም ወደኛ መጣ። አሳሾቹ ሀንጋሪያዊው ቴሌኪና ኦስትሪያዊው ፎን ሆኔል ኦሞ የሚገባበትን ሐይቅ «ሩዶልፍ» አሉት፤ ጨው ባሕር የሚባለውን ሐይቅ ደግሞ በልዑሉ ሚስት ስም «ስቴፋኒ» ብለው ጠሩት። እዚህ ግን ከብት የሚያጠጣ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ውኃውን በገዛ ቋንቋው የሚጠራ ሕዝብ ነበር። ሰው በሌለበት በረዶ ላይ ስም መጻፍና የሰው ስም ሰርዞ በላዩ መጻፍ እንደ አንድ ሥራ መቆጠሩ ያሳዝናል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሐይቁን ቱርካና ብላዋለች፤ ደግ አደረገች።

በእኛ በኩል የቀረው ሥራ ያለው በትንንሾቹ ቦታዎች ስም ላይ ነው። አባያ ውስጥ አሩሮና ጊዲቾን የመሰሉ ደሴቶች አሉ። ጊዲቾ ላይ የባይሶ ቋንቋ ተናጋሪዎች ይኖራሉ፤ ተናጋሪዎቹ በቁጥር ጥቂት ናቸው። ቋንቋው ከደከመ የየወሽመጡና የየአለቱ ስም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የአካባቢው ካርታ እንደገና ሲታተም ባለሙያዎቹ አስቀድመው ታንኳ ይሳፈሩ፤ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ፤ የሰሙትንም ተናጋሪዎቹ እንደሚጠሩት አድርገው ይጻፉ። ዶርዜ አፋፍ ላይ ቆመው ለእንግዳ ሐይቁን የሚያሳዩ ወጣቶችም ያኔ የደሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ይነግሩታል።