ከምወዳቸው ፊልሞች ጥቂቶቹ

ሰሞኑን በማደሪያችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንቅልፍ ነሥቶናል፤ «ከሁሉ የምትወደው ፊልም የቱ ነው?» ይባላል። አንዱ የጦርነት፣ ሌላው የፍቅር፣ አብዛኛው የካራቴ ፊልም ይጠራል። ተራዬ ደርሶ እኔ የጠራኋቸው ግን ሳቅ ስላስነሱብኝ፣ ምክንያቴን በዚህች ጋዜጣ ለማስረዳት ተገድጃለሁ።

እኔ የምወደው የአስተማሪና የተማሪ ፊልም ነው። ይሁን እንጂ በንግግሩ ክፍሉን ሁሉ የሚለውጠውን ዓይነት አስተማሪ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው፣ ሲድኒ ፖይቲየር የለንደን ረባሾችን ሥርዓት የሚያስይዝበት ፊልም መልካም ነው፤ ሰውየውማ በሙሉ ልብሱ እንዴት ያምራል! ግን እኛ ነገ የምንገባበትን ክፍል አላየሁበትም።

ያየሁት በኢራናዊው በአባስ ኪያሮስታሚ «የጓደኛ ቤት የት ነው?» (እ.ኤ.አ. 1987) ላይ ነው። በኮከር መንደር አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን በደብተር ሳይሆን በብጣሽ ወረቀት ሠርቶ ይመጣል። አስተማሪው ወረቀቱን ይቀድና ከእንግዲህ ቢደግመው እንደሚባረር ያስጠነቅቀዋል። አጠገቡ የሚቀመጠው አህመድ ቤቱ ሲገባ የዚያን ልጅ ደብተር ተሳስቶ ይዞ መምጣቱን ያያል። ከዚያ ወዲያ ሩጫ ነው፤ ኮረብታ ወጥቶ ወርዶ፣ ቤቱን ወደማያውቀው ልጅ መንደር። እናቱ ትቆጣዋለች። አያቱ ደግሞ ሲጋራ በኪሳቸው እያለ፣ ሥርዓት ለማስተማር ብለው ብቻ «ሲጋራዬን አምጣ» ይሉታል። የሚሰማው ሰው የለም። ጥይት አይተኮስም፣ ሰው አይሞትም፤ እኔ ግን ልቤ ተሰቅሎ ነው ያየሁት።

ለምን ብትሉ፣ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንዱን ልጅ «ነገ ደብተር ሳትይዝ እንዳትገባ!» ብዬው ነበር። ደወል ሲደወል ረሳሁት። ልጁ ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጥቂት ወረቀት የተረፈበትን የእኅቱን አሮጌ ደብተር ይዞ መጣ። «ጎበዝ» ብዬ አለፍኩ። ሁለቱን ቀን የት ዋለ? እቤት ምን አለ? አልጠየቅሁትም እኮ! ፊልሙን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አህመድ ሲሮጥ ይታየኝ የነበረው የኔው ተማሪ ነው።

ሁለተኛው ምርጫዬ እ.ኤ.አ. በ1999 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተሸለመው፣ የቻይናዊው የዣንግ ዪሙ «አንድም እንዳይጎድል» ነው። የ13 ዓመት ልጅ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለአንድ ወር ምትክ አስተማሪ ትሆናለች። ነባሩ አስተማሪ 26 ጠመኔ ቆጥሮ ይሰጣታል፤ ለቀን አንድ። ማስተማር አታውቅም፤ ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ ትገለብጥና ወጥታ በር ላይ ትቀመጣለች። (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የተመረቀም እንዲህ የሚያደርግ አለ።) አንድ ተማሪዋ ሥራ ፍለጋ ከተማ ሲገባባት ግን፣ እሱን ለመመለስ የሚያስፈልገው የአውቶቡስ ዋጋ ስንት ጡብ በማጓጓዝ እንደሚገኝ ክፍሉ በሙሉ ማስላት ይጀምራል። ስለ ሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ከተማርኩት ሁሉ አልረሳ ያለኝ ይኸው ነው። መምህሮቻችን ይቅር ይበሉኝ!

ከሀገራችን የኃይሌ ገሪማን «ምርት 3000 ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) እጨምራለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀስ ስለሚልም ያዛጋችሁ ይሆናል። ሆኖም ገጠር የምትመደቡ ሁሉ፣ ለባለመሬቱ የሚለፋውን ያን የጭሰኛ ቤተሰብ ሳታዩ አትሂዱ።

የአህመድን መጨረሻ አልነግራችሁም፤ በደብተሩ ውስጥ አበባ አለች፣ ይህን ብቻ ልበል። ካራቴ የሌለበት ፊልም አይባልም የምትሉ፣ ከዚህ ወረቀት በስተቀኝ ባዶ ቦታ አለላችሁ፤ ጽፋችሁ ለጥፉ።