ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ጠባቂ ሲኖረው ነው

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ይህ ምሳሌ በለቅሶ ቤትም በመድረክም ስለሚዘወተር፣ ቆም ብሎ እውነትነቱን የሚመረምር ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ለተከበሩት መምህሮቼና ወላጆች፣ ለውድ ጓደኞቼም አንድ ጥያቄ ላቀርብ እወዳለሁ። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በገዛ ኃይሉ ነውን? ወይስ ይዞ የሚያቆየው ሰው ያስፈልገዋል? የእኔ አስተያየት ሁለተኛው ነው። ለዚህም በምስክርነት የምጠራው የአንዲት ኢትዮጵያዊት መነኵሲት ሥራ ነው። እርሳቸውም የፒያኖ ደራሲና ተጫዋች የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀረው፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም በስማቸው ወጣ፤ ትርጓሜውም ማስታወሻዎች ማለት ነው። ያወጣውም ሚሲሲፒ ሪከርድስ የተባለ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ነው። አብዛኛው አድማጭ እማሆይን የሚያውቃቸው ቃል ሳይጨምሩ ፒያኖ ብቻ ሲጫወቱ ነበር። በዚህ አልበም ግን በገዛ ድምፃቸው በአማርኛ ሲያዜሙ ይሰማሉ።

ይህ ሥራ እንዴት እንደ ተቀዳ ማወቅ ለነገሬ መሠረት ነው። የተቀዳው ከ1969 እስከ 1977 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ውስጥ፣ በተራ ቴፕ ነው። ድምፅ የሚያስተካክል ባለሙያ አጠገባቸው አልነበረም፤ የሚያጅባቸውም ጓድ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘመዴ በስልኩ ይዞት ስለ መጣ እኔም አዳምጬዋለሁ። ከዜማው ኋላ የወፎች ድምፅ በመስኮት ይገባል፤ የፒያኖው ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ሰው በጓዳው ተቀምጦ ከልቡ ጋር ሲነጋገር በበር በኩል የሰማነው ይመስላል።

ለመሆኑ እኚህ እናት ማን ነበሩ? በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸውም የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ፣ በሕዝብ ተመርጠውም ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዪቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የውብዳር በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከዚያ መከራ በኋላ ካይሮ ሄደው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ ተማሩ፤ ይህም ፖላንዳዊ መምህር ኋላ ወደ አገራችን መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመቀጠል ዕድል ባገኙ ጊዜ ግን የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ኀዘናቸው እጅግ ጽኑ ስለ ነበረ ለብዙ ቀናት እህል አልቀመሱም።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለእኛ ለዋግና ለወሎ ልጆች ቅርብ ነው። የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ የከተማውን ኑሮ ትተው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። በዚያ መስቀለኛ አምባ ላይ መነኰሱ፤ ጽጌ ማርያም ተባሉ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጭቃ መደብ ላይ እየተኙ ኖሩ። ፒያኖ በዚያ አልነበረም። በመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን የሚወጣ ምእመን የዚያን አምባ ብርድና ዐለት ስለሚያውቅ፣ ዐሥር ዓመት ማለት ምን እንደ ሆነ አላብራራለትም። በመጨረሻም እግራቸው ስለ ታመመ ወደ ቤተ ሰባቸው ተመለሱ፤ ወደ ፒያኖውም ተመለሱ።

ቀጥሎ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ልጆቹ ከሩቅ አገር መጥተው፣ ለምነው እየበሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በሜዳ እየተኙ ይማሩ ነበር። እማሆይም የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቈረጡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለችግረኞች ልጆች መርጃ ዋለ። ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሽሮና ደረቅ እንጀራ ተሸክመን፣ ከወላጆቻችን ርቀን፣ ቤት ተከራይተን የምንማር ነን። ስለዚህ ይህ ሸክላ ለማን ብሎ እንደ ተሠራ ከማንም ይልቅ እኛ ልንረዳው እንችላለን።

የውጭ አገር ሰዎች የእማሆይን አጨዋወት ሲሰሙ ጃዝ ነው ይላሉ፤ ሌሎችም ከአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ጋር ያመሳስሉታል። ከእኛም ወገን ፒያኖ የፈረንጅ ዕቃ ስለ ሆነ አይመለከተንም የሚል አይጠፋም። እኔ ሳዳምጠው ግን ጣቶቻቸው ከአውሮፓ የተማሩትንና ከጎንደር የቀሰሙትን አንድ አድርገው ሲያስኬዱ እሰማለሁ። ዕቃው ከውጭ ቢመጣም የሚናገርበት ቋንቋ የአገር ነው።

አሁን ወደ አልበሙ ልመለስ። ዜማዎቹ ስለ አገር፣ ስለ ስደትና ስለ ናፍቆት የሚናገሩ ናቸው። የሚያስደንቀው ነገር እማሆይ ያን ጊዜ ገና ከአገራቸው አለመውጣታቸው ነው። አብዮቱ በፈነዳበት፣ ብዙ ሰው በተገደለበትና በታሰረበት ዘመን፣ በእናት አገራቸው ተቀምጠው አገራቸውን ናፈቁ። ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም የገቡት በ1977 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ዓመት የዋግ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሕዝባችን በድርቁ ምክንያት በእግሩ ወደ ኮረም የተጓዘበት፣ ከወሎም ብዙ ቤተ ሰብ በሰፈራ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰደበት ዘመን ነበር። በየቤታችን ያሉ ሽማግሌዎችም ያንን ዘመን በግጥም ያለቀሱበት መሆኑን ሰምተናል። የእማሆይ ልቅሶ በካሴት ላይ ስለ ተቀመጠ ከአርባ ዓመት በኋላ ዓለም ሰማው። የእኛ አገር ልቅሶ የት ተቀመጠ?

እዚህ ላይ የጥያቄዬ ፍሬ ይገኛል። የእማሆይን ስም ከመቃብር በላይ ያዋሉት ሰዎች በዝርዝር ሊቈጠሩ ይችላሉ። በመጀመሪያ ቴፑን የከፈቱት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የአገራችንን የቀድሞ ሸክላዎች እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ሲያሳትም፣ 21ኛውን ክፍል በ1998 ዓ.ም. ለእርሳቸው አደረገው። ሦስተኛ ማያ ዱኒዬትስ የተባለች እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች በኢየሩሳሌም ስትጎበኛቸው፣ በአሮጌ ፌስታሎች የተጠቀለለ ብዙ መቶ ገጽ በእጅ የተጻፈ ድርሰት ሰጧት፤ ከእርሱም ተመርጦ በ2005 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ። አራተኛም ካሴቶቹን ሰምቶ ወደ ሸክላ ያመጣው አሳታሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ከዚያ ድምፅ የሚበልጠው ክፍል ዛሬ ባልኖረ ነበር። ፌስታሉ ተጥሎ ቢሆን ማን ያውቅ ነበር?

በሌላው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዝነኛው የአሜሪካ የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ሮይ ሃርግሮቭ እ.ኤ.አ. በ2018 በ49 ዓመቱ ሞተ። «ግራንድ ቴር» የተባለው አልበሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ፤ የተቀዳውም እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ያንን ቅጂ ሳያጠፋ አኑሮታል ማለት ነው። የጥሩምባው ነፊ ችሎታ ታላቅ መሆኑ አይካድም፤ ያኖረው ሰው ባይኖር ግን ችሎታው ብቻውን ከመሳቢያ ውስጥ አይወጣም ነበር።

ይህን የምጽፈው ነገሩ የራሴንም ቤት ስለሚነካ ነው። አያቴ የሻደይን የጥንት ግጥም በኽምጥኛም በአማርኛም አብዝታ ታውቅ ነበር። በነሐሴ ልጃገረዶች ሻደያቸውን በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ሲመጡ ግጥም የሚጠፋባቸው እንደ ሆነ፣ ከደጅ ተቀምጣ የምታቀብላቸው እርስዋ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከቀያችን ወጥተን ሳለን በሰው አገር ዐረፈች። በዚያ ጊዜ ከቤተ ሰባችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ የነበረው ሰው አልነበረም። ዛሬ እናቴ ከዚያ ሁሉ ግጥም ሦስት አራት ስንኝ ብቻ ታስታውሳለች፤ እርሱንም ስትለው መሐል ላይ ይቋረጥባታል። እማሆይ የዓለም ባለሙያ እንደ ነበሩ አያቴም የቀበሌያችን ባለሙያ ነበረች። የአንዲቱን ድምፅ ግን ካሴት ያዘው፤ የሌላዪቱ ከእርስዋ ጋር ተቀበረ።

«ዝናብ በሚያጥርበት፣ በጦርነት የተጐዳው ትምህርት ቤት ገና በሚጠገንበት አገር ስለ ዜማ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ክርክር ክብደት ስላለው አላቃልለውም። ረኃብ ቀን እንደማይሰጥ የዋግ ልጅ ያውቃል። ነገር ግን እኔ የምለው ሥራ ከማንም አፍ እንጀራ አይወስድም፤ ማንንም ከአጨዳ ወይም ውኃ ከመቅዳት አያስቀርም። ይልቁንም ድርቅና ጦርነት የሚደጋገምበት አገር የቃል ሀብቱን ለነገ ብሎ ሊያሳድር አይገባውም፤ ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ አብሮ ይበተናልና። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የተባለው በእኛ ላይ እንዳይፈጸም እፈራለሁ።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ዛሬ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ከየሰፈሩ አይጠፋም። እያንዳንዱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት መርጦ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ የሚያውቁትን ይቅዳ፤ የሻደይ ግጥም፣ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ ወይም የእረኛ ዜማ ሊሆን ይችላል። ከድምፁ ጋር የተናጋሪው ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ በደብተር ይጻፍ። የኽምጥኛው ቃልም ከትርጓሜው ጋር ይስፈር፤ ድምፁ ቀርቶ ትርጓሜው ቢጠፋ ለልጅ ልጆቻችን እንቈቅልሽ ይሆንባቸዋልና። አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን፣ ሌላው በሰቆጣ፣ ሦስተኛውም ከዞናችን ውጭ ይቀመጥ። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ነገር በአንድ ቀን እሳት እንደሚያልቅ በጦርነቱ ዓመታት አይተናል።

የሻደይን ሥራ በተለይ እኅቶቻችን ቢመሩት መልካም ይመስለኛል። በዓሉ የልጃገረዶች ነው፤ የቱ ግጥም የጥንት፣ የቱ የዘንድሮ እንደ ሆነም እነርሱ ይለያሉ። እኛ ወንዶች ደብተሩን ብንጽፍና ቅጂውን ብናደራጅ ይበቃናል። የተቀዳውም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለመሳቂያና ለመዝናኛ በየስልኩ እንዳይበተን ደንብ ይውጣለት።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስልክ ይዞ ከአጠገባችሁ ሲቀመጥ ጨዋታ አምሮት ነው ብላችሁ አታባርሩት፤ የምታውቁትን ንገሩት። የተከበራችሁ መምህራን፣ ለዚህ ሥራ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ የሚቈጣጠር መምህር ብትሰጡን ሌላውን እኛ እንችላለን። ነሐሴ 16 ቀን ሻደይ ሲገባ በሰቆጣ አደባባይም ሆነ በየቀበሌያችን ከበሮው ይመታል። በዚያ ቀን ከጨፋሪዎቹ ኋላ ከደጅ ተቀምጠው ግጥም የሚያቀብሉ እናቶች ዛሬም አሉና፣ ሥራውን ከእነርሱ እንጀምር።