ከመቁረጥህ በፊት አንድ ክረምት ሩጥባት

ባለፈው እሁድ እኅቴ ደወለችልኝ። «ልጄ መኪናውን ሊያበላሽ ነው፤ አንተን ይሰማሃልና ተናገረው» አለችኝ።

ልጇ 23 ዓመቱ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ሠርቶ የሚያድር ልጅ ነው። ያለችው አንዲት ያገለገለች ሙስታንግ ናት። ሥራ የሚሄደው በእሷ ነው፤ ቅዳሜ እናቱን ገበያ የሚያደርሰውም በእሷው ነው። አሁን የኋላ ወንበሯን አውጥቶ፣ ሞተሯን አጠንክሮ የድራግ ውድድር መኪና ሊያደርጋት ቆርጧል።

ደወልኩለት። «ጋሼ፣ መኪናዋም የኔ፣ ገንዘቡም የኔ» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቱም ስትሰጋ እውነቷን ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ መኪናዋ ተቀይራ ካለቀች በኋላ ሰኞ ጠዋት ምን ትሠራለች?

ለማታውቁት፣ ድራግ ማለት ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራ ተስፈንጥረው ቀጥ ባለ መስመር ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። ውድድሩን በአሜሪካ የሚመራው ኤንኤችአርኤ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ሲቋቋም አንዱ ዓላማው በአውራ ጎዳና ላይ የሚሽቀዳደሙ ወጣቶችን ሕግና ዳኛ ወዳለበት ሜዳ መውሰድ ነበር። ስለዚህ ስፖርቱን ዱርዬነት ነው ብለን አንጣለው።

ችግሩ ያለው መኪናዋ ላይ ነው። ለዚያች 402 ሜትር የሚጠቅመው አብዛኛው ነገር ለመንገድ ይጎዳል። ጥርስ የሌለው ለስላሳ የኋላ ጎማ ደረቅ አስፋልት ይነክሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ይንሸራተታል። ክብደት ለመቀነስ የሚገጠመው ቀጭን የፊት ጎማ ድንገት ፍሬን ሲያዝ አስፋልቱን በደንብ አይጨብጥም። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያስረው ዲፈረንሻል በቀጥታ መስመር ግሩም ነው፤ መታጠፊያ ላይ ግን ጎማውን እየጎተተ ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው ብረቱ ነው። የተቀየረ መኪና ሩብ ማይሉን ከ10 ሰከንድ በታች ከሮጠ በሹፌሩ ዙሪያ የብረት ኬጅ እንዲገጠምለት ደንቡ ያስገድዳል። ያ ብረት ሄልሜት ያደረገና በውድድር ቀበቶ የታሰረ ሹፌርን ያድናል። ያለ ሄልሜት ገበያ ለሚሄድ ሰው ግን ያው ብረት ከጭንቅላቱ አጠገብ የቆመ መዶሻ ነው። እናቱን የሚያስቀምጣት እዚያ ውስጥ ነው?

ወጪውም አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። ሞተሩን ስታጠነክር ካምቢዮው ይሰበራል፤ ካምቢዮውን ስትቀይር ዲፈረንሻሉ ይከተላል። ኢንሹራንሱም በተለምዶ ውድድር ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም። መንገድ ላይ ከምትነዳ መኪና የጭስ መቆጣጠሪያውን መንቀል ደግሞ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው።

የመኪና ፋብሪካ እንኳ ይህን ያውቃል። ዶጅ በ2018 ሞዴሉ ዲመን የተባለችውን 840 የፈረስ ጉልበት ያላትን መኪና ለድራግ ብሎ ሲሠራ፣ ከፋብሪካ የምትወጣው በሹፌሩ ወንበር ብቻ ነበር። የቀሩት ወንበሮች በአንድ አንድ ዶላር የሚታዘዙ ተጨማሪዎች ነበሩ። ቀልድ ይመስላል፤ ቁም ነገሩ ግን የውድድር መኪና የአንድ ሰው መኪና መሆኗ ነው።

«ታዲያ ልተወው?» አለኝ። አትተወው አልኩት። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፤ ለመወዳደር መኪናን መቁረጥ ግድ አይደለም። ብራኬት በሚባለው ውድድር ሹፌሩ በስንት ሰከንድ እንደሚሮጥ አስቀድሞ ያስመዘግባል። ቀርፋፋው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ካስመዘገብከው ሰከንድ ፈጥነህ ከገባህ ትሸነፋለህ። ስለዚህ በ15 ሰከንድ የምትሮጥ የቤተሰብ መኪና በ11 ሰከንድ የምትሮጠውን ልታሸንፍ ትችላለች። የሚመዘነው ሹፌሩ ነው፤ መኪናውን በደንብ ማወቁና መብራቱ ሲበራ ሳይዘገይ መነሣቱ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወላጆች ልምጣ። «አይሆንም! አለቀ!» ማለት ይቀናናል። ልጁ ግን ፍላጎቱን አይተውም፤ የሚተወው ለእኛ መንገሩን ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊት ባዶ አውራ ጎዳና ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 እዚሁ ሜሪላንድ፣ አኮኪክ አካባቢ፣ ሰዎች ጎህ ሳይቀድ አውራ ጎዳና ላይ እሽቅድድም ለማየት ተሰብስበው ነበር። በመንገዱ የመጣ መኪና ሕዝቡ መሐል ገባ። 8 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ግዛት በደቡብ በኩል በበድስ ክሪክ መንገድ ላይ መብራት፣ አጥርና ዳኛ ያለው የድራግ ሜዳ ነበረ፤ ዛሬም አለ።

ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። መኪናዋን አትንካት። ፍሬኗንና ጎማዋን አስመርምር፣ ደህና ሄልሜት ግዛ፣ ሜዳው ለተራ መኪና በሚከፈትባቸው ምሽቶች አንድ ክረምት ሙሉ እንዳለች ሩጥባት። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ የሚሰጥህን የሰዓት ወረቀት አስቀምጥ። ክረምቱ ሲያልቅ ሰዓትህ ካልተሻሻለ ጉድለቱ ያንተ ነው፤ ሞተር አይሞላውም። ተሻሽሎ ፍላጎትህም ካልበረደ፣ ገንዘብ አጠራቅመህ ሌላ አሮጌ መኪና ግዛና እሷን ቁረጥ። በተጎታች ወደ ሜዳው የምትሄድ፣ እናትህ የማትሳፈርባት ትሁን።

ለእኅቴም አንድ ነገር ነገርኳት፦ አትከልክይው፤ አብረሽው ሂጂና ተመልካች ወንበር ላይ ተቀመጪ። እናቱ እያየችው የሚሮጥ ልጅ ሌሊት ጎዳና የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም ብዬ አምናለሁ።

እሷ እስካሁን አልተስማማችም። «እኔ ልጄ ሲበር ቁጭ ብዬ ላይ?» ትለኛለች። እናንተስ ልጃችሁ ቢሆን ምን ትሉታላችሁ?