«እንጥሉ ወርዶ ነው» የምንል እኛ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም፤ ለእኛው ነው። በየቤታችን ሕፃን «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲል እናቱ ቀድማ የምታየው የእኛን ፊት ነው። አያት ከተናገረ ያበቃል። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ካልን ምላጭ የያዘ ሰው ይፈለጋል። «ቶንሲል ነው፣ ይቧጠጥ» ካልን ጣቷን የምታስገባ ሴት ትጠራለች። «ብርድ ነው» ካልን ደግሞ ዝንጅብል ተፈልቶለት ቤት ይውላል። በዚህ ቃላችን ልጅ እየሞተ ነውና ሳላለሳልስ እናገራለሁ።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከጉንፋን ጋር መጥቶ ከጉንፋን ጋር ይሄዳል። ከመካከሉ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው አለ፤ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ይበረታል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ ይስትና የገዛ ልቡን ይወጋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፣ ይግላል፤ እሱ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ። ያን ጊዜም ፍርድ አናጣም፦ «ሲያድግ ነው»፣ «ሲሮጥ ወድቆ ነው»። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ እኛም «አላልኳችሁም?» እንላለን። ደም በሚያሳልፈው የልብ በር፣ በቫልቩ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥርም ጉዳቱ ይብሳል።

አንዳንዷ ልጅ ደግሞ ሳታስበው እጇ ይወራጫል፣ የያዘችው ዕቃ ይወድቅባታል፣ ፊቷ ይጨማደዳል። ይህም ከዚያው ከጉሮሮ የመጣ ነው። «ዓይን ነው»፣ «መንፈስ ነው» ተብላ ወራት ትንገላታለች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበልና መርፌ ግን ተጣልተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ምን መሰላችሁ? አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፤ ወይም ሳይቋረጥ ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት። ጉሮሮው መታመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ሕመሙ ወደ ልብ እንዳይሻገር ይከላከላል። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ርካሽ ነው። ልጁ ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ካቃተው፣ አገጩ ሥር ዕጢው ካበጠ፣ በዚያ ላይ ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ማውጣት ነው። የቀረውን ሐኪሙ ይለያል። ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝቶ በሦስተኛው ቀን «ተሽሎታል» ብሎ ማቆም ግን አይቆጠርም። ለተዝካር በሬ የምንጥል ሰዎች ለካርድ ማውጫ ስንሳሳ ማየት ያሳፍራል።

አሁን ሌላውን ወገን ተመልከቱ። በዚያ ጠባሳ የልብ ቫልቩ የጠበበባት ልጅ ለዓመታት ደህና ትመስላለች። ዳገት ሲደክማት «ሰነፍ» ትባላለች። ትዳር ትይዛለች፣ ታረግዛለች። በእርግዝና ጊዜ የደሟ መጠን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የጠበበው ቫልቭ ያን ሁሉ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ሳንባዋ ውኃ ይቋጥራል። ብዙ ሴት ልቧ የታመመ መሆኑን የምትሰማው ያን ጊዜ ነው። እናትም ልጅም ባንድ ቀን የሚታጡበት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «የእግዜር ቁጣ» ስንል፣ ስንቱ ከጉሮሮ የጀመረ እንደሆነ ማን መረመረ?

ከሞት የተረፈው ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚታከሙበት ማዕከል አለ፤ ወረፋው በሺዎች ነው፤ ወረፋው ሳይደርሰው የሚቀርም አለ። ውጭ አገር ይሂድ ከተባለ ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነ ገንዘብ ይጠየቃል። የልጅ ፎቶ በመኪና ላይ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ ሲለመን አዲስ አበባ ውስጥ ያላየ የለም። ገንዘቡ ተገኝቶ የብረት ቫልቭ ቢገባለት እንኳ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይውጣል፤ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። ከገጠር ለሚመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስሉት።

ድሃ አገር ይህን በሽታ መከላከል አይችልም የምትሉ ካላችሁ፣ ኩባን አስታውሱ፤ ሐኪሞቿን በደርግ ዘመን እዚሁ አገራችን አይተናል። እዚያ ፒናር ዴል ሪዮ በሚባል ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1996 ሕዝቡንና የጤና ሠራተኛውን አስተማሩ፣ የጉሮሮውን ሕመም በጊዜው አከሙ፣ የታመሙትን መዝግበው መርፌያቸውን ተከታተሉ። በሽታው በግልጽ ቀነሰ፤ የሕክምናው ወጪም አብሮ ወረደ። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 አገሮች ይህን ከጉሮሮ የሚነሣ የልብ በሽታ እንዲከላከሉ ውሳኔ አሳልፏል።

መርፌው ይገድላል የሚል ወሬ እንዳለ አውቃለሁ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ፣ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ነው ልጁ ቀድሞ ተጠይቆና ታይቶ፣ ድንገተኛ ነገር ቢመጣ የሚደርስለት ባለሙያ ባለበት ጤና ተቋም ውስጥ እንጂ ሰፈር ውስጥ መወጋት የሌለበት። ምላጩን ግን ማንም አልፈራውም፤ ደም አፍስሶ፣ መንጋጋ ቆልፎ ሲገድል እያየን።

በሽታው አንዴ የያዘው ልጅ መርፌውን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል፤ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ከሆነ እስከ 40 ዓመቱ ወይም ዕድሜ ልኩን። ምንም ሳያመው ነው የሚወጋው፤ ለዚህ ነው ቤተሰብ የሚሰለቸው። ገጠር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ አጨዳ ሲደርስ ልጁ ለሥራ ይፈለጋልና ቀጠሮው ይታለፋል። ቀጠሮውን የሚያሳልፈው አባቱ ብቻ አይደለም፤ «ዛሬ ይቅር፣ ሌላ ቀን ይሄዳል» የምንለው እኛ ነን።