መርከብ ቤት ሲሆን

በዚህ አምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ጉርብትና ብዙ ተጨዋውተናል። የዛሬው ወሬ ደግሞ ከባሕር የመጣ ነው።

የእህቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከኡራኤል ተነስቶ ግሪክ ገባ። ገባ ስላችሁ የግሪክን ምድር የረገጠው ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ወደቡ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጀልባ ተቀብላ፣ ከፒሬዎስ ወደብ ፊት ለፊት መልህቅ ጥላ ወደቆመች የጭነት መርከብ አደረሰችው። ልጁ ባሕር ዳር ላይ የመርከብ ምህንድስና የተማረ ነው፤ ከጣና በቀር ግን ሰፊ ውኃ አይቶ አያውቅም ነበር።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ወደብ ባይኖራትም የባሕር ሰው ማፍራቷን አላቆመችም። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ደግሞ ወጣቶቻችን በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ። በጭነት አቅም ሲለካ ከሁሉም የበለጠ መርከብ ያላቸው የግሪክ ባለሀብቶች ናቸውና፣ የኡራኤል ልጅ ፒሬዎስ ላይ መገኘቱ ያን ያህል አያስገርምም።

መርከቧን ባለቤቱ ገና መግዛቱ ነበር። አዲሱ ስሟ ተቀብቷል፤ የቀድሞ ስሟ ፊደላት ግን ከቀለሙ ሥር ጎላ ብለው ይታያሉ። ሠራተኞቹም ሁሉ ለመርከቧ አዲስ ናቸው፤ የትኛው ቧንቧ ወዴት እንደሚሄድ በባትሪ እያበሩ ይከታተላሉ። ዙሪያቸውን በሸራ የሚነዱ ነጫጭ ጀልባዎች ያልፋሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ይኖራሉ፤ ልብስ አጥበው በገመድ ላይ ያሰጣሉ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ቀንቶ እንደነበር ድምፁ ያስታውቃል።

የመጀመሪያው ችግር እንቅልፍ ነበር። መልህቅ የጣለች መርከብም ትወዛወዛለች፤ ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። እዚህ ሰፈራችን በመርከብ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉና መላውን ጠየቅኋቸው። «በፍራሹ ጠርዝ ሥር የነፍስ አድን ጃኬቱን ይወትፍ፤ ፍራሹ ወደ ግድግዳው ሲያዘነብል አይንከባለልም። ሆዱን ሲረብሸው ደረቅ ዳቦ ይቅመስ፤ ወጥቶም ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ይይ» አሉኝ። ሠራለት።

ሁለተኛው ቂብላ ነው። እኛ ኡራኤል ሆነን ወደ እንጦጦ ከዞርን ቂብላን አገኘን ማለት ነው፤ መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናትና። ከፒሬዎስ ግን ደቡብ ምሥራቅ ነው። ልጁ በስልኩ ኮምፓስ ለክቶ በካቢኑ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ቀስት ለጠፈ። ሁለት ስህተት ሠራ። አንደኛ፣ የመርከብ አካል ብረት ስለሆነ የስልክ ኮምፓስን ያሳስታል። ሁለተኛ፣ መልህቅ የጣለች መርከብ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። በኤጂያን ባሕር በበጋ መልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፤ ያኔ ቂብላ ከኋላ በስተቀኝ ይሆናል። ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ቂብላው ወደ ፊት ይዞራል፤ ቀስቱ ግን ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው! ስንት ሶላት ወዴት ዞሮ እንደሰገደ አላህ ይወቅ፤ አቅሙ የፈቀደውን ማድረጉን ግን አልጠራጠርም።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከመስገዱ በፊት ወደ መንጃው ክፍል ደውሎ አፍንጫዋ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ መጠየቅ። ተረኛው መኮንን መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳይጠየቅ ይነግረው ጀመር።

የሥራ ፈረቃው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት፣ እንደገና ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። በሐምሌ እዚያ ዙሁር የሚገባው 7 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ዐስር ከ11 ሰዓት በኋላ ነውና ከማሽን ክፍሉ ወጥቶ፣ ታጥቦ ዙሁርን በወቅቱ ይደርስበታል። ከሌሊቱ ፈረቃም ሲወጣ ሱብሒ ጥቂት ቆይቶ ይገባል። ስለ ማሳጠሩ ኡስታዝ እንዲጠይቅ መከርኩት፤ መንገደኛ ፈቃድ አለው፣ ነገር ግን በሐንበሊዮች ዘንድ ከቤተሰቡ ጋር መርከብ ላይ የሚኖርና ሌላ ቤት የሌለው ባሕረኛ አያሳጥርም። እነዚያ የሸራ ጀልባ ቤተሰቦች ሙስሊሞች ቢሆኑ ጥያቄው እነሱን ይመለከት ነበር።

ትልቁ ጉዳይ ምግብ ሆነ። ለእናቱ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ እማ፣ ምግቡ ጥሩ ነው» ይላል። እህቴ ግን እናት ናት፤ በቪዲዮ ጉንጩን አይታ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች። በዚያው ዓመት የካዛንቺስ ጎረቤቶቿ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ተበትነዋል፤ ቡና ጠርታ የምታዋየው ሰው እንኳ አልቀረላትም። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ለእኔ ደወለ። «ጋሼ፣ ለእማ እንዳትነግራት። ከመጣሁ ጀምሮ ዳቦና እንቁላል ብቻ ነው የምበላው፤ መጥበሻው አሳማ የተጠበሰበት ነው። ውሉን አፍርሼ ልመጣ ነው» አለኝ።

ለማን ነገርክ ስለው ለማንም። አዲስ ገቢ ነኝ፣ አስቸጋሪ እንዳይሉኝ ብሎ ፈራ።

እዚህ ላይ ወላጆች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀና ከ2013 ጀምሮ የሚሠራበት የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። የመርከብ ምግብ በነጻ እንዲሰጥና የሠራተኛውን ሃይማኖትና ባህል ያገናዘበ እንዲሆን ያዛል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ደመወዙን ለቤተሰቡ የሚልክበት መንገድም እንዲመቻች ያደርጋል። ሥራ አስቀጣሪ ከባሕረኛው የማስቀጠሪያ ክፍያ እንዳይቀበልም ይከለክላል፤ ፓስፖርት፣ የባሕረኛ መታወቂያ ደብተርና የጤና ምስክር ወረቀት የመሳሰሉት ወጪዎች ብቻ በራሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የምጽፈው አንድ ደላላ ልጁን መርከብ አሳፍራለሁ ብሎ ከእህቴ ገንዘብ ሊቀበል ትንሽ ቀርቶት ስለነበር ነው። ወርቋን ልትሸጥ ነበር!

ልጁን ካፒቴኑ ዘንድ እንዲሄድ ግድ አልኩት። ሄደ። ካፒቴኑ የተቆጣው ለምን በመጀመሪያው ቀን አልተናገርክም ብሎ ነው። ፊሊፒናዊው ምግብ አብሳይ ለብቻው መጥበሻ ለየለት፤ ዓሣ፣ ሩዝና አትክልት ያዘጋጅለታል። ልጁም በተራው ከቤት የያዘውን በርበሬ አካፈለው፤ አሁን እናቱ ጨምራ እንድትልክ የሚወተውታት አብሳዩ ነው አሉ።

ለእናቱም ራሱ እውነቱን ነገራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዋሻት ስትሰማ ተቆጣች፤ ሁለት ቀን ስልኩን አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ግን አነሳች። በበጋው ወራት የግሪክ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነውና መግሪብ ሰግዳ ስትጨርስ ትደውልለታለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀውም «ነፋሱ ዛሬ ከየት ነው?» ብላ ነው።